ጽጌረዳ ከዘር፦ ፍሬው ደርሷል፣ ከዚህ በኋላስ?

የጓሮ እመቤት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጽጌረዳ ቅርንጫፉ ተቆርጦ ሲተከል እንደሚይዝ አውቃለሁ፤ የአሁኑ ጥያቄዬ ስለ ዘሩ ነው። የጠወለገ አበባቸው ሳይቆረጥ የቆዩ ሁለት ተክሎች ፍሬ ይዘዋል። አንደኛው በረጅም አገዳ ላይ ትልልቅ አበባ የሚያወጣ ዲቃላ ሲሆን ፍሬው ወደ ብርቱካናማ ተቀይሯል። ሁለተኛው በዘለላ የሚያብብ፣ አምስት የአበባ ቅጠል ብቻ ያለው ሙልቲፍሎራ ነው፤ ፍሬው አተር ያህላል፣ ቀይ ነው።

ፍሬው በትክክል መቼ ይቀጠፋል? «ፍሪጅ ውስጥ ካልቆየ አይበቅልም» የሚሉ አሉ፣ «ዝም ብለሽ ዝሪው» የሚሉም አሉ፤ የቱን ልመን? ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ዘር ይጣላል? የሚበቅለውስ እናቱን ይመስላል? ደግሞ ከኢንተርኔት የተገዛ «ሰማያዊ ጽጌረዳ» የሚል የዘር ፓኬት አለ፤ አብሮ ይዘራ ወይስ ይቅር?

ጋሽ አፈር፦

ከፍሬው ልጀምር። የአበባ ዱቄት ካረፈበት በኋላ ፍሬው ለመብሰል ከ3 እስከ 4 ወር ገደማ ይፈልጋል። አረንጓዴው ሙሉ በሙሉ ሲለቅና ስትጫኚው ጠንካራ ሆኖ ትንሽ እሺ ማለት ሲጀምር ቅጠፊው። በስሎም አረንጓዴ ሆኖ የሚቀር ዝርያ አለ፣ እዚያ ላይ ወሩን መቁጠር ነው። ተጨማድዶ እስኪጠቁር አትጠብቂ፤ ዘሩ ተክሉ ላይ እየደረቀ በሄደ ቁጥር እንቅልፉ፣ ማለትም ሳይበቅል የመቆየት ባሕርዩ፣ ይበረታል።

«ፍሪጅ» የሚሉት ልክ ናቸው፣ ምክንያቱን ግን ብዙዎቹ አይናገሩም። የጽጌረዳን ዘር ሁለት ነገር ይይዘዋል። አንዱ እንጨት የመሰለው ቅርፊት ነው። ሌላው ቅርፊቱና ከሥሩ ያለው ስስ ሽፋን ውስጥ የሚገኘው፣ መብቀልን የሚከለክለው አብሲሲክ አሲድ ነው። የዚህን ኬሚካል ጉልበት የሚሰብረው እርጥበትና ቅዝቃዜ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። ደረቅ ዘር በፖስታ ታሽጎ ፍሪጅ ውስጥ ዓመት ቢከርም ቅዝቃዜ አገኘ አይባልም፤ ውሃ ያልጠጣ ዘር ውስጡ ምንም አይንቀሳቀስም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጓንት አድርጊ፣ ፍሬው ውስጥ ቆዳ የሚያሳክክ ደቃቅ ጸጉር አለ። በቢላዋ ሥጋውን ብቻ ዙሪያውን ቁረጪና ጠምዝዘሽ ክፈቺው፤ መሐሉን ከቆረጥሽ ዘሩንም ትቆርጪዋለሽ። አንዱ ፍሬ ሁለት ዘር ብቻ ሊሰጥሽ ይችላል፣ ሌላው ከ30 በላይ። ዘሩን በወንፊት ላይ አድርገሽ በውሃ እያሸሽ ሥጋው አንድም ሳይቀር አጥሪ። የሥጋው ትራፊ ራሱ መብቀልን ያዘገያል፣ ሻጋታም የሚጀምረው ከእሱ ነው።

ቀጥሎ 3 በመቶ የሆነውን ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ (ጀርም ገዳይ ፈሳሽ) ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅለሽ ዘሩን 1 ሰዓት ዘፍዝፊ። ከሌለ 2 የሻይ ማንኪያ በረኪና በ1 ኩባያ ውሃ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ፣ ከዚያ በደንብ ማለቅለቅ። ሁለቱን ግን በፍጹም አትቀላቅዪ። ከዚያ በንጹሕ ውሃ 24 ሰዓት ይደር።

ወፍራም ሶፍት ወይም የኩሽና ወረቀት አርጥበሽ ጨምቂው፤ ጠብ የሚል ውሃ ከቀረው ገና ነው። ዘሩን በመሐሉ በትነሽ እጠፊ፣ ዚፕ ባለው ፕላስቲክ ውስጥ አስገቢ፣ የእናቱን ስምና ቀኑን በእርሳስ ጽፈሽ አብረሽ ክተቺ። እስክሪብቶ በእርጥበት ይለቃል። ሙቀቱ ከ1 እስከ 5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን፤ ፍሪዘር ውስጥ አይግባ፣ ውሃ የጠጣ ዘር በረዶ ሲሠራ ውስጡ ሊፈነዳ ይችላል። ለዲቃላው ከ8 እስከ 12 ሳምንት፣ ለሙልቲፍሎራው ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይበቃዋል።

በሳምንት አንዴ ክፈቺና ተመልከቺ። አየር ይገባል፣ የደረቀ ካለ ይረጥባል፣ የሻገተም ይለያል።

ማለዳ፦

ጋሽ አፈር ባሉት ላይ ሦስት ነገር ልጨምር፣ በአንዱ ደግሞ አልስማማም።

መጀመሪያ ያልተስማማሁበትን። ወረቀት ውስጥ ማስቀመጥ ይሠራል፣ ግን ዘሩ ብዙ ከሆነና በየሳምንቱ የሚያየው ከሌለ ጣጣ ያመጣል። ከአምስተኛው ስድስተኛው ሳምንት ጀምሮ አንዳንዱ እዚያው ፍሪጅ ውስጥ ሥር ያወጣል፤ ሥሩ ወረቀቱን ሰርስሮ ከገባ ሲነሳ ይበጠሳል። እህቴ፣ ቦታ ካለሽ ዘሩን ጥልቀቱ ከ8 እስከ 10 ሴንቲሜትር በሆነ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ በቀጥታ ዝሪና ዕቃውን እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ አስገቢው። ፐርላይት (ነጭ ቀላል ጠጠር) እና ኮኮፒት (የኮኮናት ቃጫ ብናኝ) እኩል በእኩል ቀላቅይ፤ ቬርሚኩላይት የሚባለው ቀላል ማዕድንም ይሆናል። የጓሮ አፈር እና ኮምፖስት አይግባበት፤ ምግቡ ለዘሩ አያስፈልገውም፣ ይዘውት የሚመጡት ፈንገስ ግን ይጨርሰዋል። ዘሩን 1 ሴንቲሜትር ያህል ቅበሪው፣ በዘርና በዘር መካከል ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ተዪ። ቅዝቃዜውን ሲጨርስ ክዳኑ ተነስቶ ወደ ብርሃን መውጣት ብቻ ነው፤ የሚነካው የለም።

«ዝም ብለሽ ዝሪው» የሚሉሽም ከሜዳ ተነስተው አይደለም። ሙልቲፍሎራ እንቅልፉ ቀላል ስለሆነ ያለ ቅዝቃዜም አንዳንዱ ይወጣል። ከባዱ ደግሞ በሌላው ጫፍ ያለው የዱር ዝርያ ነው፤ ሮዛ ካኒና ለምሳሌ ቅዝቃዜ ብቻውን አይበቃውም። መጀመሪያ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ በሆነ ሙቀት ከ8 እስከ 12 ሳምንት እርጥብ ሆኖ ይቆያል፣ ቅርፊቱ የሚላላው ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ ከ12 ሳምንት ያላነሰ ቅዝቃዜ ይከተላል። ስለዚህ «ስንት ሳምንት?» የሚለው ጥያቄ «የምን ጽጌረዳ?» ካልተባለ መልስ የለውም።

ሁለተኛው፣ ከፍሪጅ ሲወጣ ሙቅ ቦታ አታስቀምጪው። የቲማቲምና የቃሪያ ዘር ከሥሩ ሙቀት ይወዳል፣ ይኼኛው ግን ተቃራኒው ነው። ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ይበቃዋል። ከ25 በላይ ከሆነ ሊነቃ የነበረው ዘር መልሶ ይተኛል፣ ቅዝቃዜውንም እንደ አዲስ መጀመር ይኖርብሻል። መስኮት ሥር፣ ቀትር ላይ ፀሐይ የሚመታው ክዳን ያለው ዕቃ ውስጡ ምን ያህል እንደሚግል በቴርሞሜትር ብታዪው ትደነግጫለሽ።

ሦስተኛው፣ የሚንሳፈፈውን ዘር በተመለከተ፦ አትጣዪው። ከቅርፊቱ ሥር አየር የያዘ ደህና ዘርም ይንሳፈፋል፣ ባዶ ሆኖ የሚሰጥምም አለ። ቦታ ካጠረሽ የተንሳፈፈውን ለብቻ ዝሪው።

የጓሮ እመቤት፦

ጋሼ፣ ማለዳ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለቱንም መንገድ ከፍዬ እሠራዋለሁ፤ ዲቃላውን በወረቀት፣ ሙልቲፍሎራውን በዕቃ። ወረቀት ውስጥ ሥር ያወጣ ካለ እንዴት ነው የሚነሳው? ከተዘራ በኋላስ ችግኙን የሚገድለው ምንድን ነው? በቅለው አፈሩ ላይ ወድቀው የሚያድሩ ችግኞችን ፎቶ አይቻለሁ።

ቅጠል በጠብታ፦

እዚህ ላይ እኔ ልግባ፤ ከዘሩ ይልቅ ችግኙን ማቆየት ነው ሥራው።

ወረቀት ውስጥ የበቀለውን በተመለከተ፦ ሥሩ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ነጭ ሆኖ ብቅ እንዳለ ይተከል። ከዚያ ከረዘመ ይታጠፋል፣ ሲታጠፍም ይሰበራል። በጣት ወይም በወረንጦ ሥሩን መያዝ የለም። ጫፉ የረጠበ ስቴኪኒ ወይም ደቃቅ የቀለም ብሩሽ ዘሩን ከቅርፊቱ በኩል ያነሳዋል። አፈሩ ላይ በስቴኪኒው ቀዳዳ አበጂ፣ ሥሩ ወደ ታች ይግባ፣ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል አልብሺው። ሥሩ ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ከሆነ ለማላቀቅ አትታገዪ፤ ወረቀቱን በዙሪያው በመቀስ ቁረጪና ከነወረቀቱ ትከይው።

ሲወጣ መጀመሪያ አንገቱን እንዳጎነበሰ ይመጣል፣ ቀጥሎ ሁለት ሞላላ ቅጠሎች ይከፈታሉ። አንዳንዴ ቅርፊቱ እነዚህ ቅጠሎች ላይ እንደ ቆብ ተጣብቆ ይቀራል። አትጎትቺው! አንገቱ ይቀነጠሳል። ጠዋትና ማታ በውሃ ርጭት አለስልሺው፣ በ2 ወይም 3 ቀን ራሱ ይወድቃል። ቀጥሎ የሚመጣው ቅጠል ጠርዙ መጋዝ የመሰለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሦስት ክፍል ነው፤ አምስትና ሰባት ክፍል ያላቸው በኋላ ይመጣሉ። ሦስት ሆኖ ሲያዩት «ሌላ ተክል ነው» ብለው የሚነቅሉ ሰዎች አሉ፣ ጽጌረዳው ነው።

ስለወደቁት ችግኞች፦ ግንዱ ከአፈሩ ወለል ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ቀጥኖ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ውሃ የጠጣ መስሎ ታዪዋለሽ፤ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ነው፣ ግን ተጋድሟል። ራይዞክቶኒያን የመሰሉ የአፈር ፈንገሶችና ፒቲየምን የመሰሉ ፈንገስ መሳይ ተሕዋስያን ሥራ ነው። የወደቀ አይነሳም፤ ከነአፈሩ በማንኪያ አውጥተሽ አስወግጂው፣ ካልሆነ ጎረቤቱን ይዞ ይሄዳል። መከላከያው መድኃኒት አይደለም፣ ውሃና አየር ነው፦

ውሃ ከላይ አታፍስሺ። ዕቃውን ውሃ ባለበት ዝርግ ሳህን ላይ አስቀምጠሽ ለ15 ደቂቃ ያህል ከሥር ይሳብ፣ ከዚያ የቀረውን ድፊው። የአፈሩ ገጽ ቀለሙ ነጣ እስኪል ድረስ ዳግመኛ አታጠጪ። የመጀመሪያዎቹ እንደወጡ ክዳኑን አንሺ፤ «ሌሎቹ እስኪወጡ» ብሎ መሸፈን የወጡትን መግደል ነው፣ ምክንያቱም የጽጌረዳ ዘር አንድ ላይ አይወጣም፤ አንዱ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሌላው በሦስተኛው ወር ይመጣል። ትንሽ ቬንትሌተር ካለ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ ቅጠሉን ለስለስ አድርጎ እስኪያወዛውዝ ብቻ። አፈሩ ላይ የሚርመሰመሱ ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ካየሽ ውሃው በዝቷል ማለት ነው፤ እጮቻቸው ለስላሳውን ሥር ይበላሉ። ገጹን ግማሽ ሴንቲሜትር ደረቅ አሸዋ አልብሺው፣ ቢጫ ማጣበቂያ ካርድም ይረዳል።

ብርሃን በቂ ካልሆነ ግንዱ እንደ ክር ቀጥኖ ይረዝማል። የኤልኢዲ መብራት ከችግኙ በላይ ከ10 እስከ 20 ሴንቲሜትር ከፍታ ላይ፣ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት። ሦስት ወይም አራት እውነተኛ ቅጠል ሲኖረው ከ7 እስከ 10 ሴንቲሜትር ስፋት ወዳለው ማሰሮ ይዛወራል፤ ሲነሳ የሚያዘው ቅጠሉ ነው፣ ግንዱ አይጨበጥም። ቅጠል ቢቀደድ ሌላ ያወጣል፣ ግንዱ ከተጨፈለቀ ግን አለቀ። ማዳበሪያ ከዚህ በኋላ ነው፣ እሱም ፓኬቱ ላይ ከተጻፈው መጠን ሩቡ፣ በ2 ሳምንት አንዴ።

አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ፣ አፈሩ ወይም ውሃው አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ሆኖበት ብረት መሳብ አቅቶታል። ጽጌረዳ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ6 እስከ 6.5 ሲሆን ይመቸዋል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ማዳበሪያ ይጨምርና ያባብሰዋል።

ብናኝ፦

የ«እናቱን ይመስላል?» ጥያቄ አልተመለሰም፣ እሱን ለእኔ ይተዉልኝ።

ዲቃላው አይመስልም። በቅርንጫፍ የተተከለ ወይም ግራፍት የተደረገ (ቅርንጫፉ በሌላ ተክል ግንድ ላይ የተጣበቀ) ጽጌረዳ ያው የእናቱ ግልባጭ ነው፤ በዘር የመጣው ግን እያንዳንዱ ለየብቻው አዲስ ተክል ነው። የዘመኑ ትልልቅ አበባ ያላቸው ጽጌረዳዎች ከብዙ ዝርያ የተደባለቁ ከመሆናቸውም በላይ አብዛኞቹ ባለ 28 ክሮሞዞም (የዘር ባሕርይ ተሸካሚ) ናቸው፣ ማለትም የ7 አራት እጥፍ። ስለዚህ ከአንድ ፍሬ የወጡ ወንድማማቾች አንዱ ሮዝ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቁመናው የተልፈሰፈሰ ሊሆን ይችላል። በራሱ ዱቄት የተዳቀለ ከሆነ ደግሞ ደካማው ይበዛል። እንደ ቀጋ ያሉ የዱር ዝርያዎች ግን ሌላ ጽጌረዳ አጠገባቸው ከሌለ ዘራቸው እነሱኑ ይመስላል። የእርስዎ ሙልቲፍሎራ ከዲቃላው ጎን ያደገ ከሆነ ንብ ምን ይዛ እንደሄደች አይታወቅም። እሱ ባለ 14 ክሮሞዞም ነው፤ ሁለቱ ከተገናኙ የሚወለደው ብዙ ጊዜ ባለ 21 ይሆናል፣ እንዲህ ያለው ደግሞ አብቦ ፍሬ ለመያዝ ይቸገራል።

አባቱንም መምረጥ ከፈለጉ በእጅ ያዳቅሉ። እናት የሚሆነው እምቡጥ ከሲሶ እስከ ግማሽ ሲከፈት፣ ንብ ሳይደርስበት፣ በጠዋት የአበባውን ቅጠሎች ሁሉ ያንሱ። ዱቄት የያዙትን ቢጫ ክሮች አንድም ሳያስቀሩ በወረንጦ ይልቀሙ። መሐሉ ላይ የሚቀረው የሴቴው ክፍል ነው፤ በትንሽ የወረቀት ከረጢት ወይም ፎይል ይሸፍኑት። ከአባትየው የለቀሙትን ክሮች ደረቅ ሳህን ላይ ያሳድሩ፣ በማግስቱ ፈንድተው ቢጫ ዱቄት ይጥላሉ። ሴቴው ጫፉ ወዝ ሲይዝ፣ ማለትም በማግስቱ ወይም በሣልስቱ፣ ዱቄቱን በጣት ወይም በብሩሽ ይቀቡት፣ በቀጣዩ ቀንም ይድገሙት። ስም በሚጻፍበት መለያ ላይ እናት ትቀድማለች፣ ከዚያ የማባዛት ምልክት፣ ከዚያ አባት። በሳምንታት ውስጥ አንገቱ አረንጓዴ ሆኖ ካበጠ ይዟል፤ ቢጫ ሆኖ ከረገፈ አልያዘም።

አንድ ወጥመድ አለ። ዓመቱን ሙሉ እየደጋገመ የማበብ ባሕርይ ድብቅ ነው፤ ከሁለቱም ወገን ካልመጣ አይገለጥም። ደጋግሞ የሚያብበውን ዲቃላ በዓመት አንዴ ብቻ ከሚያብብ ሙልቲፍሎራ ጋር ካዳቀሉ ልጆቹ በአመዛኙ በዓመት አንዴ የሚያብቡ ይሆናሉ፣ ያውም የመጀመሪያ አበባቸውን ለማየት 2 ወይም 3 ዓመት መጠበቅ ግድ ነው። ሁለቱም ወላጆች ደጋግመው የሚያብቡ ከሆኑ ግን ችግኙ በበቀለ ከ6 እስከ 10 ሳምንት ውስጥ፣ ቁመቱ ገና ስንዝር ሳይሞላ እምቡጥ ያሳያል።

ስለ ሰማያዊው ፓኬት፦ ይቅር። ጽጌረዳ ሰማያዊ ቀለም የሚሰጠውን ዴልፊኒዲን በተፈጥሮው መሥራት አይችልም። በጄኔቲክ ምሕንድስና ይህ ቀለም እንዲኖረው የተደረገው «አፕሎዝ» የተባለው የሰንቶሪ ኩባንያ ጽጌረዳ በ2009 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ገበያ ላይ ውሏል፤ እሱም የሚሸጠው በተቆረጠ አበባ መልክ ነው፣ ቀለሙም ወደ ሐምራዊ ያደላ ነው። ቀስተ ደመና የሚመስለው ደግሞ አገዳው ተሰንጥቆ በቀለም ውሃ ውስጥ የቆመ ነጭ አበባ ነው። ፓኬቱን ከፍተው ይመልከቱ፤ የጽጌረዳ ዘር ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር የሆነ፣ ማዕዘን ማዕዘን ያለው፣ ከገለባማ እስከ ቡናማ ቀለም ያለው፣ የተፈነከተ ጠጠር የመሰለ ነው። ድቡልቡልና ጥቁር ከሆነ ወይም እንደ ገለባ ጠፍጣፋ ከሆነ ሌላ ተክል ነው።

ማለዳ፦

ብናኝ፣ የመጀመሪያውን እምቡጥ ትቆርጣለህ ወይስ ትተዋለህ? እዚህ ላይ ሁሌም ክርክር አለ።

ብናኝ፦

አንዱን ብቻ እንዲፈነዳ መተው ይሻላል ባይ ነኝ። ቀለሙንና ሽታውን ካላየሁ የትኛውን ላቆይ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን ይቆረጡ፣ ሥሩ ይቅደም። በመጀመሪያው አበባ ላይ ግን ፈጥኖ መፍረድ አይገባም፤ የአበባ ቅጠሉ ቁጥር ብዙ ጊዜ በኋላ ከሚመጣው ያነሰ ነው፣ 8 ያየንበት ተክል ሲጠነክር 20 ሊያወጣ ይችላል። ወዲያው መፍረድ የሚቻለው በበሽታ ነው።

ጋሽ አፈር፦

በበሽታው እስማማለሁ። ቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ሲመጣ ሁሉም ችግኝ እኩል አይያዝም፤ ጎን ለጎን ካሉት አንዱ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሲሆን ሌላው ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። መድኃኒት እየረጨሽ ሁሉንም ካቆየሽ የትኛው ጠንካራ እንደሆነ መቼም አታውቂም። የታመመውን አስወግጂ፣ ቦታውን ለንጹሑ ስጪ። ክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ነፍሳት) ግን ሌላ ነገር ነው፣ እሱ ጠንካራ ደካማ አይልም፤ ለስላሳው ጫፍ ላይ ሲሰፍር በጣት ጨፍልቀሽ በውሃ እጠቢው።

ዘሩ ሁሉ ካልወጣም ዕቃውን አትድፊ። ከ100 ዘር 20 ወይም 30 ከበቀለ በጽጌረዳ ደንብ ደህና ነው። ሦስት ወር አልፎ ምንም ከሌለ የቀረውን እንደረጠበ መልሰሽ ለ8 ሳምንት ፍሪጅ ውስጥ አስገቢውና እንደገና አውጪው፤ በሁለተኛው ዙር የሚነሱ አሉ። ዘሩን በጣትሽ ስትጫኚው ከለሰለሰና ውሃ ከወጣው ብቻ ሞቷል፣ እሱን ልቀሚና ጣዪ።

የጓሮ እመቤት፦

ፓኬቱን ከፈትኩት፣ ድቡልቡልና ጥቁር ነው። ዲቃላውን ዛሬ ማታ እዘፈዝፋለሁ። ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ፦ ፍሪጁ ውስጥ ፍራፍሬ አለ፣ ችግር ይኖረዋል?

ጋሽ አፈር፦

ፕላስቲኩ በደንብ ከታሸገ አያሳስብም፤ ግን በፍሪጁ የኋላ ግድግዳ አታስጠጊው፣ እዚያ ጋ በረዶ ይሠራል። የታችኛው መሳቢያ ፊት ለፊት አድርጊው።